የባሕር ማዶ ሰዓት መለዋወጥና የኢትዮጵያ ነጋዴ

ከባሕር ማዶ ጋራ የሚነግድ ሰው ከዕቃው ጥራትና ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ቀጠሮ ነው። ቀጠሮውን የሚያከብር ነጋዴ ስሙ ይጸናል፤ ቀጠሮውን የሚያፈርስ ግን ዕቃው ምንም ያማረ ቢሆን ደንበኛው ቀስ በቀስ ይሸሸዋል። ይህን የማያውቅ ላኪ ወይም አስመጪ የለም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ ነጋዴው ምንም ሳያጠፋና ማንም ሳይነግረው፣ ቀጠሮው በአንድ ሰዓት የሚፋለስበት ወራት ይመጣል። የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች አብዛኛዎቹ በመጋቢት ገደማ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፤ በጥቅምት ደግሞ ወደ ቦታው ይመልሱታል። የአዲስ አበባ ሰዓት ግን ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም። ስለዚህ ሰዓቱን ያልነካው ነጋዴ ሰዓታቸውን ከነኩት ሰዎች ጋራ ሳያስበው ይተላለፋል።

ነገሩ ለሰሚው ቀላል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በውጭ ንግድ አንዲት ሰዓት የዋጋ ልዩነት፣ የአውሮፕላን ጭነት፣ የባንክ ሰነድና የሠራተኛ እንቅልፍ ናት። ኢትዮጵያ የሌሎችን ልማድ ተከትላ ሰዓቷን ትገፋ ዘንድ የሚያስገድድ ምክንያት የለም። የኢትዮጵያ ነጋዴ ግን የሌሎቹን ሰዓት እንደ ራሱ ሰዓት አጥርቶ ማወቅ ግዴታው ነው።

ሰዓትን በሕግ የመግፋት ልማድ የቆየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ጆርጅ ሐድሰን የተባለ የኒውዚላንድ የነፍሳት ተመራማሪ፣ ቀኑ በሚረዝምበት ወራት ሰዓት በሁለት ሰዓት ወደ ፊት እንዲገፋ አሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ ዊልያም ዊሌት የተባለ የለንደን ቤት ሠሪ፣ ሕዝቡ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተኝቶ የሚያባክነውን ብርሃን የሚነቅፍ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ዊሌት እ.ኤ.አ. በ1915 እስኪሞት ድረስ ደከመ፤ አሳቡ ሕግ ሲሆን ግን ለማየት አልታደለም። ጀርመንና አውስትሮ ሐንጋሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የድንጋይ ከሰል ለመቈጠብ ሲሉ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1916 ሰዓታቸውን ገፉ። ብሪታንያ በሚቀጥለው ወር ተከተለች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1918 ተቀበለችው። በአሜሪካ ከደጋፊዎቹ መካከል የቦስተን ከተማ የንግድ ምክር ቤት አንዱ ሲሆን፣ የተቃወሙት ግን ገበሬዎቹ ነበሩ። ላም የምትታለበው፣ ጤዛም ከሣር ላይ የሚደርቀው በፀሐይ እንጂ በሕግ አይደለምና ነው።

ከዚያ ወዲህ ይህ ልማድ ሲቆም፣ ሲመለስ፣ ሲሻሻል ኖሯል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1971 ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን ገፍታ ቆይታ ተወችው። አሜሪካም በነዳጅ እጥረት ምክንያት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1974 ይህንኑ ሞከረች፤ ነገር ግን ልጆች በጨለማ ወደ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ወላጆችን ስላስቈጣ በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ 4.6 ሚሊዮን ሰዎች መለሱ፤ ከነዚህም 84 በመቶው ልማዱ ይቅር አሉ። በሚቀጥለው ዓመት የኅብረቱ ፓርላማ ይህንኑ ደገፈ፤ አባል መንግሥታት ግን መስማማት ስላልቻሉ ነገሩ በእንጥልጥል ቀረ። በአሜሪካም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 መለዋወጡ እንዲቀር የሚያዝ ረቂቅ ቢያሳልፍም ሁለተኛው ምክር ቤት ሳያጸድቀው ቀርቷል። እንግዲህ የነርሱ ክርክር አንድ ቀን ያልቅ ይሆናል ብሎ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ለነጋዴ አይበጀውም።

ኢትዮጵያስ ሰዓቷን ብትገፋ ምን ትጠቀማለች? መልሱን ፀሐይ ራሷ ትሰጣለች። በለንደን የዓመቱ ረጅም ቀን 16 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን አጭሩ ቀን 8 ሰዓት አይሞላም። በአዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ደግሞም ኢትዮጵያዊ ቀኑን መቍጠር የሚጀምረው ከንጋት ነው። ጧት 12 ሰዓት ሲባል ፀሐይ ልትወጣ የተቃረበችበት ወይም የወጣችበት ሰዓት መሆኑ በመስከረምም ሆነ በሰኔ ያው ነው። ዊሌት የአገሩን ሰዎች በሕግ ከፀሐይ ጋራ ሊያስነሣቸው የተመኘውን የኢትዮጵያ የሰዓት አቈጣጠር ያለ ሕግ ሲፈጽመው ኖሯል።

ከዚህም በላይ መታሰብ ያለበት የጎረቤትና የደንበኛ አገሮች ሰዓት ነው። አብዛኛው የኢትዮጵያ የባሕር ጭነት የሚተላለፍበት የጂቡቲ ወደብ ከአዲስ አበባ ጋራ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ይሠራል። ናይሮቢና ሪያድም እንዲሁ ናቸው። ሰዓቷን መለዋወጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተወችው ቱርክና በ2014 ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከለችው የሩሲያ ዋና ከተማ ሞስኮም ዛሬ ከአዲስ አበባ ጋራ እኩል ይቈጥራሉ። ዱባይ ዘወትር በአንድ ሰዓት፣ ቻይና ዘወትር በ5 ሰዓት፣ ጃፓን ዘወትር በ6 ሰዓት ይቀድማሉ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ብትገፋ ከለንደንና ከሐምቡርግ ጋራ ያለውን ችግር ለማቃለል ስትል ከጂቡቲና ከሪያድ ጋራ አዲስ ችግር ትፈጥራለች። ስለዚህ ሰዓቱ ባለበት ይጽና፤ መስተካከል የሚገባው የነጋዴው አሠራር ነው።

አሠራሩን ለማስተካከል በመጀመሪያ የቃሉን ወጥመድ ማስወገድ ያስፈልጋል። ፈረንጆች ወደ ፊት የተገፋውን ሰዓት «የበጋ ሰዓት»፣ መደበኛውን ደግሞ «የክረምት ሰዓት» ብለው ይጠሩታል። ቃሉ እንዲሁ ሲተረጐም ኢትዮጵያዊውን ያሳስታል። የአውሮፓ በጋ የኢትዮጵያ ክረምት ነውና። በሐምሌ ዝናብ ጃንጥላ ይዞ ወደ ቢሮው የሚገባ ጸሐፊ «አሁን የበጋ ሰዓት ላይ ናቸው» ቢባል ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በታኅሣሥም ፀሐይ አናቱን እየመታው «የክረምት ሰዓት» ሲባል ይሳሳታል። ስለዚህ በንግድ ቤቶች ደብዳቤና ሠንጠረዥ ላይ «የተገፋ ሰዓት» እና «መደበኛ ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ልዩነቱን በቍጥር ማወቅ ነው። ከዚህ በታች ስለ ግሪንዊች ካልተነገረ በቀር ሰዓቱ ሁሉ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው። በመደበኛው ሰዓት ለንደን ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት፣ ሐምቡርግና አምስተርዳም በ2 ሰዓት፣ ኒውዮርክ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። በተገፋው ሰዓት ግን ለንደን በ2፣ ሐምቡርግና አምስተርዳም በ1፣ ኒውዮርክ በ7 ሰዓት ብቻ ይቀራሉ። የኒውዮርክ ቢሮ በዚያው አገር ጧት 3 ሰዓት ላይ ቢከፈት፣ በተገፋው ሰዓት አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል፤ በመደበኛው ሰዓት ግን 11 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባ ቢሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ጊዜ ተከፍተው የሚነጋገሩበት ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል ማለት ነው። ይህም የሚሆነው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ፣ አዲሱ ቡና በሚለቀምበትና ገዥዎች ዋጋ በሚጠይቁበት ወራት ነው።

የቡና ላኪ ዋጋውን የሚያስላው የኒውዮርክን ገበያ እያየ መሆኑ የታወቀ ነው። ገዥው «ይህ ዋጋ እስከ ኒውዮርክ ቀትር ድረስ የጸና ነው» ብሎ ቢልክ፣ ቀትሩ በመደበኛው ሰዓት በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይውላል። ላኪው ዋጋውን ከአቅራቢዎቹ ጋራ ተመካክሮ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢመልስ ግማሽ ሰዓት ተርፎታል። የአሜሪካ ሰዓት ከተገፋ በኋላ ግን ያው ቀትር በአዲስ አበባ 1 ሰዓት ላይ ነው። እንደ ልማዱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የመለሰ ላኪ ዋጋው ከወደቀ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ገበያው ቢወርድ ገዥው ቃሌ አብቅቷል ይላል፤ እውነቱንም ነው። ላኪው በማን ይሟገታል? ሰዓቱን የገፋው ደንበኛው አይደለም፤ የአገሩ ሕግ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው አሜሪካና አውሮፓ በአንድ ቀን አለመለወጣቸው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ ሰዓቷን የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው፤ ይህም ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። አውሮፓ ግን የሚገፋው በማርች የመጨረሻው እሑድ፣ ማለት ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ኒውዮርክ ተለውጣ ሐምቡርግ ሳትለወጥ ትቆያለች። በጥቅምት ደግሞ አውሮፓ ቀድሞ ይመለሳል፤ ይኸውም በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ ከጥቅምት 14 እስከ 21 ባለው ጊዜ ነው። አሜሪካ የምትመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። በአሜሪካም ውስጥ ቢሆን ሐዋይና አብዛኛው የአሪዞና ግዛት ሰዓታቸውን አይነኩም። እስራኤል የምትገፋው ከአውሮፓ ሁለት ቀን ቀድማ፣ ዓርብ ዕለት ነው። ግብፅም እ.ኤ.አ. በ2023 ልማዱን መልሳ በኤፕሪል የመጨረሻው ዓርብ ትገፋለች። «ፈረንጆች ሰዓት ለወጡ» የሚል ወሬ ብቻ ሰምቶ ሁሉንም በአንድ ቀን የሚለውጥ ጸሐፊ አንዱን ሲያቀና ሌላውን ያጣምማል።

የአበባ ላኪዎች ችግር ደግሞ የተለየ ነው። በሆላንድ የሚካሄደው የአበባ ጨረታ ማለዳ ይጀመራል፤ ጨረታውም የሚከፈተው በሆላንድ ሰዓት እንጂ በቦሌ ሰዓት አይደለም። በመጋቢት የሆላንድ ሰዓት ሲገፋ፣ ከቦሌ በቀድሞው ሰዓት የተነሣ አውሮፕላን በአምስተርዳም ሰዓት ሲቈጠር አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ አበባው ለዚያው ጨረታ እንዲደርስ ከተፈለገ አንድ ሰዓት ቀድሞ መነሣት አለበት። የአየር መንገዶች የበረራ ሠንጠረዥ የሚለወጠውም በእነዚሁ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው። በባቱ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ ያለው የአበባ እርሻ ግን ለውጡን የሚሰማው ከሠንጠረዡ አይደለም። የሚሰማው ቈራጩ ማልዶ ሲጠራ፣ አሻጊው ሲቻኰል፣ የማቀዝቀዣ መኪናው ሾፌርም በጨለማ ሲነሣ ነው። በብዙ አገሮች የእናቶች ቀን የሚከበረው በሜይ ሁለተኛው እሑድ ስለ ሆነ፣ ይህ ትልቅ ሽያጭ የሚውለው ለውጡ ከተደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። አሠራሩን በመጋቢት ያላስተካከለ እርሻ በግንቦት ዋጋውን ይከፍላል።

በባንክ በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚነግዱ ሁሉ የሚመሩበት፣ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ቍጥር 600፣ ባንክ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የቀረበለትን ሰነድ የመቀበል ግዴታ እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። የሥራ ሰዓት ማለት ደግሞ ሰነዱ የሚቀርብበት ባንክ ሰዓት ነው። የሐምቡርግ ባንክ በራሱ 10 ሰዓት ላይ የሰነድ ጕድለት አይቶ ቢጠይቅ፣ በተገፋው ሰዓት አዲስ አበባ ገና 11 ሰዓት ነውና መልስ የሚሰጥ ሰው ይገኛል። በመደበኛው ሰዓት ግን 12 ሰዓት ሆኗል፤ በሩም ተዘግቷል። መልሱ ሲያድር ቀኑ ያልፋል፤ የመጨረሻው ቀን ከሆነም ክፍያው ይሰናከላል።

አንዳንድ ሰዎች «ዛሬ የእጅ ስልክ የዓለምን ሁሉ ሰዓት ራሱ ያስተካክላል፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው?» ይላሉ። ስልክ የኒውዮርክን ሰዓት በትክክል ማሳየቱ እውነት ነው። ነገር ግን የመጋዘኑን ዘበኛ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ክፈት ብሎ አያዝም፤ ባለፈው ታኅሣሥ በተፈረመ ውል ላይ የተጻፈውን ሰዓትም አያርምም። ደግሞም «በ3 ሰዓት እንነጋገር» ብሎ የጻፈ ኢትዮጵያዊ ጧት 3 ሰዓትን ሲያስብ፣ የፈረንጁ ደንበኛ ከቀትር በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት ሊረዳ ይችላል። በአንድ ወገን የስድስት ሰዓት የአቈጣጠር ልዩነት፣ በሌላ ወገን የአንድ ሰዓት መገፋት ሲደራረቡ፣ ብልኅ ስልክ ያልገባውን ነገር ብልኅ ሰው መፍታት አለበት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ወጪም አይጠይቅም። ከሁሉ በፊት የዋጋ ማቅረቢያና የውል ሰዓት ሁሉ በሁለት መንገድ ይጻፍ፤ ይኸውም በደንበኛው ከተማ ሰዓትና በግሪንዊች ሰዓት ነው። የግሪንዊች ሰዓት እንደ አዲስ አበባ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ለሒሳብም ይመቻል፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ከሚቈጠረው የግሪንዊች ሰዓት ላይ 3 ቢቀነስ የኢትዮጵያ ሰዓት ይገኛል። ግሪንዊች 9 ቢሆን በኢትዮጵያ 6 ሰዓት፣ ማለት ቀትር ነው። ግሪንዊች 16 ቢሆን 13 ይቀራል፤ 12ቱ ሲነሣለት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ይሁን እንጂ ግሪንዊች በለንደን ውስጥ ስለ ሆነ የለንደን ሰዓት ሁልጊዜ የግሪንዊች ሰዓት ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ለንደን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ከግሪንዊች በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ቀጥሎም እያንዳንዱ ንግድ ቤት የደንበኞቹን ከተሞች፣ ሰዓታቸው የሚለወጥበትን ቀንና ልዩነቱን የሚያሳይ ሠንጠረዥ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቈጣጠር አዘጋጅቶ በግድግዳ ላይ ይለጥፍ። የንግድ ምክር ቤቶችም ከእያንዳንዱ ለውጥ ሁለት ሳምንት በፊት ለአባሎቻቸው ማስታወቂያ ቢያወጡ፣ በተለይ ጸሐፊ ለመቅጠር አቅም ያልፈቀደላቸውን አነስተኛ ላኪዎች ከብዙ ጥፋት ያድናሉ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን የሚከታተል ሠራተኛ አላቸው፤ የሚጐዳው ከክፍለ ሀገር መጥቶ በራሱ ጥረት ገዥ ያገኘው አዲስ ነጋዴ ነው።

በመጨረሻም የሠራተኛው ነገር መዘንጋት የለበትም። ከጥቅምት በኋላ ከኒውዮርክ ጋራ ለመነጋገር ሲባል ጸሐፊውና ሾፌሩ በየቀኑ እስከ ምሽት እንዲቆዩ ማድረግ የተለመደ ሆኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ የሚያልፈው የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። የሚሻለው ግን ሥራውን ማደላደል ነው። ከአሜሪካ ጋራ የሚጻጻፈው ሠራተኛ በነዚያ ወራት ከሌሎቹ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ቢገባና ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ቢወጣ፣ ቢሮው በምሽት ሰው ያገኛል፤ ሠራተኛውም ዕረፍቱን አያጣም። የባዕድ አገር ሰዓት በተመለሰ ቍጥር የኢትዮጵያዊ ሠራተኛ እራት የሚዘገይበት ምክንያት የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለውጡ ከመምጣቱ በፊት የተዘጋጀ ነጋዴ የሚያጣው ነገር አይኖርም። የአውሮፓና የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ስለ ሰዓታቸው የፈለጉትን ይወስኑ፤ ነገ ልማዱን ቢተዉትም ለውጡ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆንና ሠንጠረዡ ይቀልላል። እስከዚያው ግን በየካቲት መጨረሻ፣ በመጋቢት አጋማሽ፣ በጥቅምት አጋማሽና በጥቅምት መጨረሻ የሚውሉት አራት እሑዶች በእያንዳንዱ ላኪና አስመጪ መዝገብ ላይ በቀይ ቀለም ሊሰመርባቸው ይገባል። እሑድ ሁሉም ያርፋል፤ ኪሳራው የሚታወቀው ሰኞ ነው።